ግራናይት 600 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ የሞገዱ ፍጥነት እንዲህ መውረዱ ጤነኛ ነው?

ኮር38፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የግራናይት ኮሮች (ከአለት የተቆረጡ ሲሊንደር ናሙናዎች) ናቸው፤ ዲያሜትር 38፣ ርዝመት 76 ሚሊሜትር። በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመሩ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሱ፣ አንድ ሰዓት ቆዩ፣ ከዚያ የምድጃው በር ተከፍቶ ቀዘቀዙ። በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው የፒ ሞገድ (እንደ ድምፅ እየገፋ የሚሄድ ሞገድ) ፍጥነት በሴኮንድ ከ4.9 ኪሎሜትር ወደ 1.4 ወረደ፤ ፖሮሲቲው (በውስጡ ያለው የባዶ ቦታ ድርሻ) ግን ከ0.8 ወደ 2.4 በመቶ ብቻ ነው ያደገው። መሣሪያው እየዋሸ ይሆን?

ድንጋይ ፈላጭ፦
በዋናው ነገር አልዋሸም ወንድሜ። ሙቀቱ የሚፈጥራቸው ስንጥቆች ከስፋታቸው ሺህ እጥፍ ሊረዝሙ ይችላሉ። ውሃ የሚይዙበት ሆድ የላቸውም፤ ሞገዱን ግን ይቆርጡታል። ኢላስቲክ ሞጁለስ (የድንጋዩ ግትርነት) ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በአንተ ቁጥር የቀረው ከመነሻው 8 በመቶ ገደማ ነው።

ሥሩ ማዕድናቱ እኩል አለማበጣቸው ነው። ኳርትዝ ከፌልድስፓር ይበልጣል፤ 573 ዲግሪ አካባቢ ከአልፋ ወደ ቤታ ሲቀየርማ ይባስ። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ዳር ዳሩን ክፍተት ይተዋል።

የማይመቸኝ በደቂቃ 10 ዲግሪው ነው። ድንጋዩን ራሱ ሊሰነጥቅ የሚችለው የመሃሉና የውጩ የሙቀት ልዩነት የሚገኘው የማሞቂያውን ፍጥነት በሬዲየስ ስኩዌር አባዝቶ ለዲፊዩሲቪቲው (ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ) 4 እጥፍ በማካፈል ነው። ዲፊዩሲቪቲውን በሴኮንድ 1 ካሬ ሚሊሜትር ብትይዘው 15 ዲግሪ ይመጣል፤ ድንጋዩ ሲግል ዲፊዩሲቪቲው በግማሽ ያህል ስለሚወርድ ወደ 30 ይጠጋል። በደቂቃ 1 ዲግሪ ብታደርገው ከ3 አያልፍም። በሩን መክፈቱ ግን ከሁሉ ይከፋል፦ ቋጥኝ በእሳት አግሎ ውሃ የሚደፋበት ሰው የሚፈልገው ያንኑ ነው! ምድጃው እንደተዘጋ ይደር።

ሚካ፦
በዚህ ላይ 1.4ቱን እንደገና ለካው። የተሰነጠቀ ኮር ሲግናሉን ስለሚውጠው የመጀመሪያው መድረሻ ተዘሎ ሁለተኛው ጫፍ ይነበባል፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ያንሳል። የምትልከው ሞገድ 1 ሜጋኸርዝ ከሆነ ዝቅ ወዳለ ፍሪኩዌንሲ ውረድ። መለኪያውን ከኮሩ የሚያገናኘው ጄልም ወደ ስንጥቁ ይሰርጋልና በቀጭን ፕላስቲክ ለየው። ርዝመቱንም ከማሞቅ በኋላ በካሊፐር ድገመው፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮሩን ከመለካት በፊት በ105 ዲግሪ ማድረቁ ራሱ ትንሽ ሊሰነጥቅ ይችላል። ያልሞቀውን ማነጻጸሪያ ኮርም እኩል አድርቀው።

ኮር38፦
አመሰግናለሁ። ይህን ቁጥር ለአሉቶ ላንጋኖ ጂኦተርማል (በኢትዮጵያ ያለ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ቦታ) ልጠቀምበት እችላለሁ?

ድንጋይ ፈላጭ፦
አይሆንም። እዚያ ያለው እሳተ ገሞራ አለት እንጂ ግራናይት አይደለም። ደቃቅ ባዛልት ከማግማ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ስለጨረሰ፣ መልሰህ ብታሞቀው ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ግፊቱም አለ፦ ስፋቱ የርዝመቱ አንድ ሺህኛ የሆነ ስንጥቅ፣ ሞጁለሱ 60 ጊጋፓስካል በሆነ አለት ውስጥ 60 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ይዘጋል። ጠረጴዛ ላይ የለካኸው ያለ ግፊት ነው። ፐርሚያቢሊቲን (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙን) የግድ ከፈለግክ ኮሩን በግፊት ሴል ውስጥ፣ ግፊቱን ከ5 ወደ 60 ሜጋፓስካል እያሳደግክ ለካ።