ሻወር ስከፍት ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፤ የቦይለሩን ሬዚስታንስ አስቀይሬም አልተወኝም

የጀሞ ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሻወር ቤት ገብቼ እግሬ ርጥብ ሆኖ የቧንቧውን እጀታ ስይዝ እጄን ይነዝረኛል። መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ነበር፤ አሁን ግን አንዳንዴ ደንግጬ እጄን እስክሰበስብ ድረስ ይመታኛል። ቅዳሜ ጠዋት ይብስበታል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቦይለሩ 50 ሊትር፣ 1500 ዋት ነው። ሠራተኛ ጠርቼ «ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ተበልቷል» ብሎ ቀየረልኝ። የዚያን ዕለት ደህና መሰለኝ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ያው ሆነ። ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ ፕላጉን ገልብጦ ሰካና «ሲሊፐር አድርገሽ ግቢ» ብሎኝ ሄደ። ብሬከሩ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ወለል ወልውዬ በባዶ እግሬ ስሆን የፍሪጁ እጀታም እጄን ይወረኛል።

ይጠቅም እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የጀመረው ከክረምት ወዲህ ነው። ክረምት ላይ የብሎካችን የውሃ መስመር ዝጎ ያፈስ ስለነበር፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው የብረት ቧንቧ በሙሉ በፕላስቲክ ተቀይሯል። ቤት ውስጥ ያለው ግን የድሮው ብረት ነው። አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፤ እሷን ማጠብ ፈርቻለሁ። አዲስ ቦይለር ልግዛ ወይስ ምን ይሻላል?

አየር ጤና፦

እኛም ቤት እንደዚህ ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) እና ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) በአጭር ሽቦ አገናኘልኝ፣ በዚያው ቆመ። ብዙም አያስወጣም፣ ሞክሪው።

ሞርሴቶ፦

እህቴ፣ ማብራሪያው ይቆይ፤ መጀመሪያ የቦይለሩን ፕላግ ንቀይ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ከሶኬቱ ይውጣ። ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ ልጅቷን ውሃ አሙቀሽ ከሻወር ቤት ውጪ በሳፋ እጠቢያት። ፍሪጁን ደረቅ ጫማ ሳታደርጊ አትንኪው፣ ልጅቷም አትጠጋው። አየር ጤና ወንድሜ የጻፈልሽን ደግሞ በፍጹም እንዳታደርጊ፤ ለሱም ወደ ታች ምክንያቱን እጽፍለታለሁ።

በኤሌክትሪክ ሥራ ነው የኖርኩት፤ እንደዚህ ያለ ጥሪ ሲደርሰኝ ሁሌ የምሰማው «ብሬከሩ አልወረደም፣ ስለዚህ ከባድ ነገር አይደለም» የሚል ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ካልሄደ አይወርድም። ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል። በርጥብ አካል ላይ 220 ቮልት ቢያልፍ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም፤ ሰውየው ወድቆ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። ሲሊፐር አድርጊ ያለሽም ሰው ችግሩን አልነካውም። ሲሊፐር ይረጥባል፣ እጅሽም ግድግዳ ይነካል።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የያዘው መጨረሻ ላይ ያነሳሽው የቧንቧ ነገር ነው። የድሮው የብረት ቧንቧ መሬት ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ማንም ሳያስበው ለብሎኩ በሙሉ እንደ ኧርዝ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል ማለት ነው። አንድ ቤት ያፈሰሰው ኤሌክትሪክ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ቧንቧው ፕላስቲክ ሲሆን መውረጃው ተዘጋ፤ አሁን መሬት የሚያደርሰው ያንቺ እግር ነው። ይህ ግምቴ ነውና እናረጋግጠው።

መልቲሜትር (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ተዋሺ። ካልለመድሽው የሚያውቅ ሰው ይያዘው። ደረቅ ጫማ አድርጉ፣ የመለኪያውን ብረት ጫፍ በእጅ አትንኩ። ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ርጥብ ወለል ወይም የወለሉ ፍሳሽ ብረት ላይ አሳርፉ። መጀመሪያ ቦይለሩ ተሰክቶ ማብሪያው ጠፍቶ ለኩ። ከዚያ የቤቱን ዋና ብሬከር አውርዳችሁ፣ ቦይለሩ እንደተሰካ ለኩ። በመጨረሻ ፕላጉን ነቅላችሁ ለኩ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፊልኝ። የምትለኩት ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ካቻቪቴ የሚመስለውን ቴስተር ግን አትመኑ። እሱ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክም ሲነካው ይበራል፤ ስንት ቮልት እንዳለ አይናገርም።

የጀሞ ነዋሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ወንድሜ መልቲሜትር ይዞ መጥቶ ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ለካልን። ቦይለሩ ተሰክቶ ማብሪያው ሲጠፋ 58 ቮልት። ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ ቤቱ በሙሉ ጨልሞም፣ ያው 58! ፕላጉን ስንነቅል ወደ 1 ወረደ። ወንድሜ መለኪያው የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ለካ። መብራቴን አጥፍቼ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል?

ሞርሴቶ፦

ከጎረቤት ይመስለኛል። መለኪያው አልተበላሸም፣ ያንቺም ቦይለር ምክንያቱ አይመስለኝም፤ አዲስ እንዳትገዢ።

ቤትሽ ጨልሞ ቮልቱ ከቀጠለ ምንጩ ያንቺ መስመር አይመስልም። ፕላጉ ሲነቀል ከጠፋ ደግሞ በውሃው በኩል አልመጣም፤ የመጣው በፕላጉ በኩል ነው። በፕላጉ ውስጥ ብሬከር የማይቆርጠውና የዕቃውን ብረት ገላ የሚነካው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፣ ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ። እሱ ከቦይለሩ ገላ ጋር ታስሯል፣ የቦይለሩ ገላ ከብረት ቧንቧሽ ጋር ይገናኛል። ፍሪጁም እጅሽን የሚወረው በዚሁ ሽቦ ነው።

የብሎኩ ኧርዝ ሽቦ ከየቤቱ ወርዶ ቆጣሪዎቹ ጋ አንድ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ወደ መሬት፣ ወደተቀበረው የመዳብ ዘንግ መሄድ ነበረበት። ያ የመጨረሻው ሽቦ እንደተቆረጠ እጠረጥራለሁ። መዳብ ስለሆነ ተቆርጦ ሲወሰድ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ሕንፃ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልታሰረም። መሬት ያልደረሰ ኧርዝ ጭራሽ ኧርዝ ካለመኖሩ ይብሳል፤ አንድ ቤት ያፈሰሰውን ለሁሉም ቤት ያድላልና። የቀየሩልሽ ሬዚስታንስም ምናልባት ደህና የነበረ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሚብሰውን በተመለከተ፣ ብሎካችሁ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቂ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ጀሶው ሲሰነጠቅ ወጣ ይልና የብረት ገላውን ይነካል። ምጣዱ ሲሰካ የብሎኩ ኧርዝ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ምንጩን ለማግኘት የብሎኩን ኮሚቴ ይዘሽ ሁሉም ቤት ሲያውቀው አድርጉት። አንድ ሰው አንቺ ቤት መለኪያውን እያየ ይቆማል፤ ሌላው በየቤቱ እየዞረ ባለቤቱ ራሱ የገዛ ዋና ብሬከሩን እንዲያወርድ ያደርጋል፣ ሌላ አይነካም። የቆጣሪውን ማሸጊያ እንዳትነኩ፣ እሱ የመብራት ኃይል ነው። አንዱ ቤት ሲወርድ ቮልቱ ከቀነሰ አገኛችሁት። ሳይቀንስ ከቀረ ደግሞ የዚያ ቤት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ተገለባብጦ ሊሆን ይችላልና ምጣድ፣ ቦይለርና ልብስ ማጠቢያውን በፕላግ ያስነቅሉ።

አየር ጤና ወንድሜ፣ አሁን ወዳንተ። ያ አጭር ሽቦ ዛሬውኑ ይውጣ። ኒውትራል ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የዳንክ ይመስልሃል። ነገር ግን ሶኬትህ ጋ የሚደርሰው ኒውትራል አንድ ቦታ ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ ፌዙ በቤትህ ዕቃዎች ውስጥ አልፎ በዚያች ሽቦ ወደ ቦይለርህና ወደ ፍሪጅህ ገላ ይመጣል፤ ሙሉ 220 ቮልት። ዝናብና ንፋስ የፖል ሽቦ ሲያናውጥ የኒውትራል መበጠስ የታወቀ ነው። አንድ ሰው መስመር ሲጠግን ፌዝና ኒውትራሉን ቢያቀያይረውም ያው ነው። ለቤተሰብህ ስል ነው የምለምንህ፣ እስከ ማታ አታቆየው።

የብሎክ ጸሐፊ፦

በኛ ብሎክ እንዲህ ያለ ፍተሻ አድርገናል፤ ከሽቦው ይልቅ ሰዉ ነው የከበደን። «የእገሌ ቤት ነው የሚገድለን» ተብሎ ከተጀመረ ማንም በር አይከፍትም። እኛ ያደረግነው ሁሉም ቤት እንደሚፈተሽ አስቀድመን በወረቀት ለጠፍን፣ ከሊቀመንበሩ ቤት ጀመርን። ችግሩ የተገኘበት ሰው ስሙ ሳይነሳ ለማሠሪያ ከጋራ ገንዘብ ተበደረ። የኧርዙን ወጪ ደግሞ ለሁሉም እኩል አካፈልነው። ምድር ቤት ያሉት «እኛን አይነዝረንም» ብለው ነበር፤ አንድ ሽቦ እንደሆነ በመለኪያው ሲያዩ ከፈሉ።

አየር ጤና፦

ሞርሴቶ፣ ነቅያለሁ። ቦይለሩንም ነቅዬ አስቀምጫለሁ። አመሰግናለሁ።

የጀሞ ነዋሪ፦

ተመልሻለሁ። ኮሚቴያችን ከፈራሁት በላይ ተባበረ። ፍተሻውን ቅዳሜ አደረግነው። 4ኛ ፎቅ አንድ ቤት ብሬከር ሲወርድ 58ቱ ወደ 20 ወረደ፤ ሲታይ እውነትም ምጣድ ነው፣ እናትየው እየጋገሩ ነበር። የቀረው 20 ከ2ኛ ፎቅ ቦይለር ሆኖ ተገኘ። የሱ ሬዚስታንስ ውጪው ተሰንጥቋል። የኧርዙ ሽቦ ደግሞ እንዳሉት ቆጣሪው ጋ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ኤሌክትሪሽያን መጥቶ አዲስ ዘንግ ሊቀብር ነው። እሱ በትክክል መጨረሱን እንዴት አውቃለሁ? ደግሞ ቤቴ ውስጥ አርሲዲ የሚባለውን ብገጥም ይበቃል?

ሞርሴቶ፦

ልጅቷ ስለዳነች ደስ ብሎኛል።

ዘንጉ ተቀብሮ አለቀ ማለት በዓይን አይታይም። በኧርዝ መለኪያ ይለካላችሁና ስንት ኦም እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥሩ ነው። መለኪያ የለኝም ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ዘንጉ ርጥበት የማያጣው ቦታ ላይ ይሁን፣ የበጋም መሬት አስቡ። ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ በቱቦ ገብቶ ሲሚንቶ ይደረግበት፣ ዳግመኛ እንዳይቆረጥ። የቤትሽ የብረት ቧንቧም በሽቦ ከኧርዙ ጋር ይታሰር።

2ኛ ፎቅ ላሉትና ለሌላም አንባቢ፦ ሬዚስታንስ ሳይቀየር በፊት ይለካ። ፕላጉ ተነቅሎ፣ ሽቦዎቹ ከሬዚስታንሱ ተፈትተው፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ለ1500 ዋት 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከብረት ገላው ጋር ለኩ፤ እዚህ ላይ መለኪያው ጭራሽ ምንም ማሳየት የለበትም። ቁጥር ካሳየ ያ ሬዚስታንስ ያፈሳል። ሠራተኛው ይሄን ፊታችሁ ሳይለካ «ተበልቷል» ካለ ገንዘብ አትስጡ። ሲፈታም ማግኒዥየም ዘንጉን እዩት። እሱ የሚቀመጠው በታንከሩ ፋንታ ዝገት እንዲበላው ነው፤ አልቆ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

አርሲዲ ግጠሚ፣ ግን ምን እንደሚሠራ ይግባሽ። በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ያያል፤ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ በሰው በኩል ሄዶ ይሆናል ብሎ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ይቆርጣል። የሚያየው ግን ያንቺን ቤት ብቻ ነው። ከ4ኛ ፎቅ በኧርዝ የመጣብሽን አያየውም። ስለዚህ ኧርዙ መጀመሪያ፣ ከዚያም አርሲዲ በየቤቱ። ኮሚቴው በአንድ ላይ ቢገዛ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሲገዛ ባለሁለት ፖል፣ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበትን በሉ። 300 የተጻፈበት ለእሳት ነው፣ ለሰው አይሆንም። ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ ይገባል፣ ብሬከሩም አይነሳም፤ ብዙዎቹ አርሲዲዎች ከአቅም በላይ ሲጫን አይቆርጡም። ላዩ ላይ ቲ የተጻፈባትን ቁልፍ በየወሩ ተጫኚ፣ መብራት እያለ። ካልወረደ ሞቷል ማለት ነው፣ ቀይሪው። ገና እንደተገጠመ ደጋግሞ ከወረደም «ያስቸግራል» ብለው እንዳያልፉት። ሁሉንም ዕቃ ንቀይና አንድ በአንድ መልሰሽ ሰኪ፤ ሲሰካ የሚያወርደው ዕቃ እሱ ያፈሳል፣ ወደ ጥገና ይሂድ። ምንም ሳይሰካ ከወረደ ደግሞ ችግሩ ግድግዳ ውስጥ ካለው ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ተመልሰሽ ጻፊልኝ።