ክርክር፦ ለፍልስጤማውያን ምርጫ ይቅደም ወይስ ሰላም?

ሄለን፦
ጥያቄውን እኔ ላንሳው። ፍልስጤማውያን ነጻ ምርጫ ቢያደርጉ ከእስራኤላውያን ጋር ወደ ሰላም ያቀርባቸዋል ወይስ ያርቃቸዋል? እኔ ያቀርባል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የፍልስጤም አስተዳደር ፕሬዚዳንት ማህሙድ አባስ የተመረጡት በጃንዋሪ 2005 ነው። የሥልጣን ዘመናቸው አራት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለፕሬዚዳንትነት ምርጫ ተደርጎ አያውቅም። የፍልስጤም ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው በ2006 ነው። በ2018 ደግሞ ጭራሽ ፈረሰ። ከ1988 በኋላ የተወለደ ፍልስጤማዊ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሪ ስለ ኢየሩሳሌም፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ድንበር ቢፈርም ማን ይቀበለዋል?

ዮናታን (ከአሽቀሎን)፦
ሄለን፣ 2006ን በአንድ መስመር አለፍሽው። ያ ምርጫ ነጻ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም መስክረዋል። ውጤቱስ? የታጠቀው እስላማዊ ድርጅት ሐማስ ከ132 መቀመጫ 74ቱን ወሰደ። በጁን 2007 ጋዛን በጠመንጃ ያዘ። የምኖረው ከጋዛ አጠገብ ነው። እዚህ ብዙ የኛ ሰው አለ። ሳይረን ሲጮኽ ልጆቻችንን አንጠልጥለን መጠለያ የምንገባው እኛ ነን። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ ከጋዛ ወጥቶ ባደረሰው ጥቃት ወደ 1,200 ሰው ተገደለ፣ 251 ሰው ታግቶ ተወሰደ። ከሞቱት ውስጥ ቤተ እስራኤላውያንም አሉ። ስለዚህ «ምርጫ ሰላም ያመጣል» ስትሉኝ ዝም ብዬ መቀበል ይከብደኛል።

መክሊት፦
ዮኒ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ግን የ2006ን ቁጥር ጠጋ ብለን እንየው። ግማሹ መቀመጫ በፓርቲ ዝርዝር፣ ግማሹ በምርጫ ክልል ነበር የሚሞላው። በዝርዝሩ ሐማስ 44 ከመቶ፣ የአባስ ፓርቲ ፋታህ 41 ከመቶ አገኙ። መቀመጫው 29 ለ28 ነው፤ አንገት ለአንገት! ልዩነቱ የመጣው በምርጫ ክልሎቹ ነው። ፋታህ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ፣ ከአባላቱ ብዙዎች በግል እየተወዳደሩ ድምፁን በተኑት። እዚያ ሐማስ 45፣ ፋታህ 17 ሆኑ። ሐማስ የተወዳደረበት ስም ራሱ «ለውጥና ተሐድሶ» ነበር። ብዙው መራጭ በፋታህ ሙስና ተንገሽግሾ ነው ድምፁን የሰጠው። «ሕዝቡ ጦርነት መረጠ» የሚለው አባባል ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

ጋሽ ተፈራ (ከሜሪላንድ)፦
ልጆች፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሳ። ከእስራኤል ጋር ሰላም የፈረሙት እነማን ናቸው? በ1979 የግብፁ አንዋር ሳዳት፣ በ1994 የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን። ሁለቱም በነጻ ምርጫ ተወዳድረው ሥልጣን የያዙ አይደሉም። ስምምነቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልፈረሱም። በአንጻሩ ፍልስጤማውያን በጃንዋሪ 1996 ያሲር አራፋትን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ሐማስ በዚያ ምርጫ አልተሳተፈም። በፌብሩዋሪና በማርች አውቶቡሶችን በቦምብ አጋየ። በሜይ በእስራኤል ምርጫ ኔታንያሁ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፔሬዝን በጥቂት ድምፅ አሸነፉ። እስራኤልና ፍልስጤማውያን በ1993 የጀመሩትን የኦስሎን ስምምነት ያ የፍልስጤማውያን ምርጫ አላዳነውም።

ሄለን፦
ጋሽ ተፈራ፣ እውነት ብለዋል። ግን ሳዳት ጦር ነበራቸው፣ መንግሥት ነበራቸው። ሲና በሙሉ ተመለሰላቸው። ለሕዝባቸው «ይኸው መሬታችሁ» ማለት ይችሉ ነበር። ፍልስጤማዊ መሪ ከፈረመ ግን የሰውን መብት አሳልፎ መስጠቱ አይቀርም። በሊባኖስ ካምፕ ያለ ስደተኛ አያቱ ወደተባረረበት መንደር እንደማይመለስ ሊነገረው ይችላል። ይህን የሚናገር ሰው ከሕዝብ ውክልና ሊኖረው ይገባል። ፖሊስ ብቻ ይዞ አይሆንም።

ቢኒያም፦
ሁላችሁም ፍልስጤማውያን የመምረጥ ዕድል ኖሯቸው የተዉት አስመሰላችሁት። 2021ን አስታውሱ። ምርጫው ለሜይ 22 ተቆርጦ ነበር። ድምፅ መስጠት ከሚችለው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ተመዘገበ። 36 ዝርዝሮች ቀረቡ። በኤፕሪል 29 አባስ አራዘሙት፤ እስራኤል በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ድምፅ መስጠትን አልፈቀደችም አሉ። ብዙ ሰው ግን ሽንፈት ፈርተው ነው ይላል፤ ፋታህ ለሦስት ተሰንጥቆ ነበርና። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

የኢየሩሳሌሙ ጉዳይ ደግሞ መፍትሔ ያልተገኘለት ነገር አይደለም። በ1996፣ በ2005 እና በ2006 በከተማው የሚኖሩ ፍልስጤማውያን በእስራኤል ፖስታ ቤቶች ድምፅ ሰጥተዋል። እስራኤል «ደብዳቤ ነው የላኩት» ትላለች። እነሱ ደግሞ «በኢየሩሳሌም መርጠናል» ይላሉ። ሁለቱም ክብራቸውን ጠብቀው ሥራው ይሠራል። በፖስታ ቤቶቹ የሚስተናገደው ሰው ጥቂት ነው፤ የቀረው ከከተማው ዳር ወጥቶ ነው የሚመርጠው። ሆኖም ሦስት ጊዜ ሠርቷል።

ዮናታን፦
እሺ፣ ፖስታ ቤቱ ይከፈት። የኔ ጥያቄ ማን ይወዳደራል ነው። አንድ ድርጅት ሮኬቱን ታጥቆ ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ሊከት አይችልም። ይህን እኔ አላመጣሁትም። የኦስሎ ቀጣይ በሆነው በ1995ቱ ስምምነት ላይ ዘረኝነትን የሚሰብክ ወይም ዓላማውን በሕገወጥ መንገድ የሚያራምድ እጩ እንዳይቀርብ ተጽፏል። በ2006 ማንም አላስከበረውም። የቡሽ አስተዳደርም ምርጫው ይካሄድ ብሎ ገፋ።

ሄለን፦
በዚህ እስማማለሁ። ታጥቆ መወዳደር አይቻልም ይባል፤ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይባል። በ2006 የሆነውን እዩት። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ሦስቱን ጥያቄ ለአዲሱ መንግሥት ያቀረቡት ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው፦ ከአመጽ ውጡ፣ እስራኤልን እወቁ፣ የቀድሞ ስምምነቶችን ተቀበሉ። እርዳታ ቆመ። እስራኤል ለፍልስጤም አስተዳደር ሰብስባ የምትሰጠውን የቀረጥ ገንዘብ ያዘች። መራጩ የተረዳው «ድምፅህ የሚከበረው ሌላው ከወደደው ብቻ ነው» የሚል ነገር ነው። ይህ ሐማስን አላዳከመም። ምርጫ ላይ እምነት የነበራቸውን ነው ያዳከመው።

ሌላም ስጋት አለኝ። አባስ በ2025 የጋዛው ጦርነት ባበቃ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ እናደርጋለን ብለዋል። የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት የገባውን ግዴታ የማይቀበል አይወዳደርም የሚል ሐሳብም አለ። ከጦር መሣሪያ መራቅ አንድ ነገር ነው። አባስን የሚተች ሁሉ በዚያ ወንፊት እንዲቀር ከሆነ ግን ያ ነጻ ምርጫ አይባልም። የጋዛው መራጭስ? ቤቱ ፈርሶ ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው የት ይመዘገባል? ይህን ማንም አጥብቆ ሲጠይቅ አልሰማም፤ ያናድደኛል።

መክሊት፦
የፋታሁን መሪ ማርዋን ባርጉቲንም እንዳንረሳ። ከ2002 ጀምሮ እስር ላይ ነው፤ አምስት የዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። በፍልስጤም የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ለዓመታት አባስንም የሐማስን እጩም ሲበልጥ ቆይቷል። ሁለት መንግሥት ጎን ለጎን ይኑር የሚል ሰው ነው።

ዮናታን፦
የተፈረደበት በሰዎች ግድያ ነው፣ መክሊት። የሟቾቹ ቤተሰቦች እዚሁ አገር አሉ።

መክሊት፦
አውቃለሁ። ሐዘናቸውን አላቃለልኩም። ግን ሕዝቡ የሚያምነውን ሰው ትተን እኛ የምንወደውን ብንፈልግ ሄለን ያለችው ውክልና ከየት ይመጣል?

ጋሽ ተፈራ፦
እዚህ ላይ መክሊት አሳመነችኝ ልበል። ግን ምርጫው ብቻውን አይሁን። ከድምፁ ማግስት የሚጀመር ድርድር በእጅ ይኑር። በ1996 ተስፋ ነበር፤ ያኔ የመረጠው ሰው ግን ኬላው ሲበዛበት፣ የሠፈራ ቤቶች ሲሠሩበት ነው ያየው።

ቢኒያም፦
ዮኒ፣ አንተ በእስራኤል ድምፅ ትሰጣለህ። በሚቀጥለው ምርጫ አንድ ፓርቲ «በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ፖስታ ቤቶቹን እንከፍታለን» ቢል ትመርጠዋለህ?

ዮናታን፦
የታጠቀ እንደማይወዳደር አስቀድሞ በጽሑፍ ከተቀመጠ፣ አዎ። ያ ካልተጻፈ ግን አሽቀሎን ላለ ጎረቤቴ የምነግረው ነገር የለኝም።