አስቸኳይ! ጂኑ ተጨመረ፣ ፕሮቲኑ ግን አልጨመረም። ነገ ጠዋት ሴሚናር አለብኝ

የሐይቅ ልጅ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አቀርባለሁ። ያለሁት ደሴ ነው፤ መብራት ሄድ መጣ እያለ ላፕቶፔ ሊዘጋብኝ ነው። መምህሬ የሰጠኝ ጽሑፍ ላይ የአንድ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ገብቶ ኤምአርኤንኤው (የጂኑን መልእክት ለፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰው) እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፕሮቲኑ ግን ንቅንቅ አላለም! ግራፉ ተሳስቷል? እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ጦሳ ስር፦ ዌስተርን ብሎቱ (የፕሮቲኑ መጠን የታየበት ምርመራ) ተበላሽቶ ነው። ድገሚው።

ቦርከና፦ የምን ሕዋስ? የምን ፕሮቲን?

የሐይቅ ልጅ፦ እርሾ ነው። የራይቦዞም (የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ ማሽን) ፕሮቲን። ብሎቱን የሠሩት ጸሐፊዎቹ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ሕዋስ የማይፈልገውን ፕሮቲን ዩቢኩቲን በሚባል ትንሽ ፕሮቲን ምልክት ያደርግበታል። ምልክት ያለበትን ደግሞ ፕሮቲያዞም ተቀብሎ ይቆራርጠዋል። ይህን መንገድ ያገኙት ሲካኖቨር፣ ኸርሽኮና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ሥራው ኤቲፒ (የሕዋስ ጉልበት) ይበላል፤ ማፍረስም እንደ መገንባት ወጪ አለው። ይህንን ሳትይዢ ወደ ግራፉ አትሂጂ።

ሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ልጅቷ መብራት ሊሄድባት ነው እኮ! አብሽሪ እህቴ፣ ግራፉ ልክ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ገበያ የግራ እግር ጫማ ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ማን ይገዛሻል? 😄 ሕዋሱም አጣማሪ ያጣውን ይጥለዋል።

ቦርከና፦ ሸዋ በር በቀልድ መሐል ቁም ነገሩን ተናግሮታል። የእርሾ ራይቦዞም 79 ዓይነት ፕሮቲን አለው። አንዱ ብቻ ቢበዛ የሚገባበት ቦታ የለም። ራይቦዞሙ ውስጥ ቢገባ ይሸፈን የነበረው ጎኑ ተጋልጦ ይቀራል። ቶም1 የሚባል ኢንዛይም ያንን ጎን ለይቶ ዩቢኩቲን ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ፕሮቲያዞም ይጨርሰዋል። ቶም1 ከሌለ ትርፉ ይጓጎላል።

የወልድያው፦ እኔ አልስማማም። ሕዋስ ለፍቶ የሠራውን ለምን ያፈርሳል? ከመነሻው ምርቱን ነው የሚቀንሰው።

ጦሳ ስር፦ ብሎቱ ይደገም ብያለሁ።

ቦርከና፦ የወልድያው፣ ለኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ልክ ነህ። እዚያ ትርፍ የራይቦዞም ፕሮቲን የገዛ ኤምአርኤንኤውን ይዞ ምርቱን ያስቆማል። እርሾም ውስጥ ኤል30 የሚባለው የራሱ ኤምአርኤንኤ ተስተካክሎ እንዳይወጣ ያግዳል። ግን እንደ ኤል30 ቢሆን ኖሮ ያለቀለት ኤምአርኤንኤ አይጨምርም ነበር። የእሷ ጨምሯል። ስለዚህ ወይ ንባቡ (ኤምአርኤንኤው ተነብቦ ፕሮቲን መሠራቱ) ቀንሷል፣ ወይ ፕሮቲኑ እየተሠራ እየፈረሰ ነው።

መለያው ይኸውልሽ፦ ፕሮቲያዞሙ ኤምጂ132 በሚባል መድኃኒት ሲታገድ ትርፉ ብቅ ካለ፣ ሲፈርስ ነበር ማለት ነው። ጽሑፉ ይህን ሠርቶ እንደሆነ ፈልጊ። ተራ እርሾ መድኃኒቱን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ፒዲአር5 የሚባለው ፓምፕ የተነቀለበት ዝርያ መጠቀማቸውንም እዪ። ሌላው፣ ሲታገድ የሚተርፈው ፕሮቲን ተጓጉሎ፣ ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ሲዞር ሥር ይዘቅጣል። ላይኛውን ፈሳሽ ብቻ ከለኩ አያገኙትም። ጦሳ ስር፣ ብሎቱን መጠርጠርህ የሚያስኬደው እዚህ ላይ ነው።

ነርሷ፦ ከሰው ምሳሌ ከጠየቁሽ ቤታ ታላሴሚያን ጥቀሺ። ሄሞግሎቢን ሁለት አልፋና ሁለት ቤታ ሰንሰለት ነው። ቤታው ሲያንስ አልፋው ብቻውን ይቀራል። ቀይ የደም ሕዋስ የሚሆኑት ሕዋሳት የቻሉትን ያህል ያፈርሱታል። ከአቅማቸው ሲያልፍ ይጓጎልና እነሱኑ ይገድላል፤ የደም ማነሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። እነዚህን ልጆች ያየ ሰው ማፍረስን ብክነት አይለውም።

የወልድያው፦ እሺ፣ ለአልፋው ተቀበልኩ። ለእርሾው ግን ንባቡ እንዳልቀነሰ ማን ለካ?

ቦርከና፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገም ይጠይቋታል። ራይቦዞም ፕሮፋይሊንግ (ራይቦዞሞች ኤምአርኤንኤውን ምን ያህል እያነበቡ እንደሆነ የሚያሳይ ዘዴ) ካለ እሱ ይመልሳል። የሐይቅ ልጅ፣ አለሽ? ምስሉ ላይ ዝቃጩ ለብቻው የተጫነበት መስመር አለ?

ሸዋ በር፦ መብራቱ ሄዶባት መሰለኝ። በስልክሽ ግቢ፣ ዳታ ከሌለሽ ካርድ እልክልሻለሁ።