ከድሬዳዋ የሚወጣ ጭነት በተራ ይከፋፈል ወይስ በድርድር?

አወያይ፦
ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ ከድሬዳዋ የሚወጣ ደረቅ ጭነት በባለመኪኖች ማኅበር በኩል በተራ ይከፋፈል ወይስ ባለመኪናውና ባለጭነቱ በነጻ ተደራድረው ይዋዋሉ የሚል ነው። አንድ መኪና ይዘው ራሳቸው የሚያሽከረክሩ ባለንብረቶች ቢጀምሩ ይመረጣል።

ባለንብረት፣ ከሳቢያን፦
እኔ የተራው ደጋፊ ነኝ፤ ምክንያቴን ከገበያው ጠባይ ልጀምር። አገራችን የምታስገባው ዕቃ ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ መኪና ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወርዳል፤ ጭነት ያለው በመልሱ ነው። በመኪና የሚጓጓዘው አብዛኛው የወደብ ጭነት ደግሞ በጋላፊና በሚሌ በኩል ስለሚያልፍ ድሬዳዋን አይነካትም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የገባው የኤሌክትሪክ ባቡርም ኮንቴይነሩን ይሻማናል። ለእኛ የሚቀረን ሲሚንቶው፣ እህሉ፣ አትክልቱና ከደረቅ ወደቡ የሚወጣው ነው። በዚህ ጠባብ ገበያ ድርድሩ ነጻ ሊሆን አይችልም፤ በመካከል ያለው ደላላ ባለመኪናውም ባለጭነቱም የማያውቁትን ዋጋ ያውቃልና። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ዕቃ አምጥቼ ለመልስ ጭነት አራት ቀን ከተቀመጥሁ በኋላ፣ ረዳቴን የምመግብበት ስላጠረኝ በቀረበልኝ ዋጋ ተስማማሁ። ዕቃውን ሳራግፍ ባለጭነቱ የከፈለውን ነገረኝ፤ ልዩነቱ የናፍታ ወጪዬን ይሸፍን ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጎማና መለዋወጫ ምን ያህል እንደናረ ለምታውቁ፣ ይህ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም።

የአትክልት ነጋዴ፣ ከመጋላ፦
ወንድሜ፣ የደረሰብዎት በደል እውነተኛ ነው። ሆኖም ከሐረማያና ከአወዳይ የሚመጣ ሽንኩርት የማንንም ተራ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በተራ የደረሰኝን መኪና መምረጥ ስለማልችል፣ ሸራው የተቀደደ መኪና ተመድቦልኝ ጭነቴ በዝናብ ተበላሽቶብኛል። ካሳ ስጠይቅ ማኅበሩ ወደ ባለንብረቱ፣ ባለንብረቱ ወደ ማኅበሩ መራኝ። በድርድር የያዝሁት አሽከርካሪ ግን ዕቃዬን እንደ ራሱ ይጠብቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንድጠራው ይፈልጋልና።

የቀድሞ የስምሪት ሠራተኛ፣ ከከዚራ፦
ተራው ራሱ ንጹሕ እንዳልነበረ መመስከር አለብኝ። ብዙ መኪና ያለው ሰው ስሙን በተለያዩ ሊብሬዎች አስመዝግቦ በአንድ ቀን ሦስት ተራ ሲያገኝ፣ አንድ መኪና ያለው ውጭ ያድር ነበር። ይህን ሳልናገር ተራውን ብደግፍ ሕሊናዬ አይቀበለውም።

ባለንብረት፣ ከሳቢያን፦
የሽንኩርቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ የሚበላሽ ጭነት ከተራ ይውጣ። ሲሚንቶና የደረቅ ወደብ ጭነት ግን ቢያድር ስለማይበላሽ በተራ ይቀጥል፤ ተራውም በመኪና ሳይሆን በባለንብረት ይቆጠር። ከሁሉ በላይ የምጠይቀው፣ በተራም ሆነ በድርድር፣ ባለጭነቱ የከፈለው ሙሉ ዋጋና የደላላው ድርሻ በጭነት ሰነዱ ላይ ተጽፎ ሁለታችንም እንድንፈርምበት ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጣና ጭነት እያበዛ ከሄደ፣ አሠራሩ ከአሁኑ ካልተስተካከለ ዛሬ የሚጎዳን ልማድ ነገ ደንብ ሆኖ ይጠብቀናል።

የአትክልት ነጋዴ፣ ከመጋላ፦
ዋጋው በሰነዱ ላይ መጻፉን አልቃወምም፤ ለእኔም የሚጠቅም ነው። በዚያው ሰነድ ላይ ግን ዕቃው ቢበላሽ ካሳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ይህ ከተጨመረ እኔም እፈርማለሁ።