ጀልባዬን ለዊንተር በምን ልሸፍናት?

ጥያቄ፦ አሳ ወዳድ፣ ሴንት ፖል

ሰላም ወገኖች። ዘንድሮ አንዲት ያገለገለች ጀልባ ገዛሁ። 18 ጫማ ናት፣ ፋይበርግላስ፣ ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠል። ሰመሩን ልጆቹን ይዤ አሳ ስናጠምድባት ከረምን። አሁን ብርዱ መጣ። ጋራዥ ስለማትገባልኝ በትሬለሯ ላይ እንዳለች ደጅ ልትከርም ነው። አብሯት የመጣው ሽፋን ስስ ነው፣ መሀሉ ላይ ይረግባል። አንድ ሱቅ በላስቲክ ጠቅልዬ እሰጥሃለሁ ብሎኛል፣ ሒሳቡ በጫማ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ሰማያዊውን ላስቲክ ገዝተህ በገመድ እሰራት፣ ምን አስጨነቀህ» ትለኛለች። የሚኒሶታን በረዶ የምታውቁ፣ የቱ ያዋጣኛል?

የሐይቅ ልጅ፦

እዚህ ላይ እንኳ ባለቤትህን አትስማት። ሰማያዊው ላስቲክ ነፋስ በነካው ቁጥር ሲርገበገብ ያድራል። ከስሩ አቧራና አሸዋ ካለ ጀልባዋን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። አየር ስለማያስወጣ ውስጡ ያልባል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። ፀሐይም ቶሎ ትበላዋለች። ለአንድ ሳምንት ይሁን፣ እስከ ኤፕሪል ግን አይሆንም።

ጋሽ መካኒክ፦

ልጄ፣ ስለ ጨርቁ ከመጨነቅህ በፊት ስለ ቅርጹ አስብ። ውድ ሽፋን ገዝተው መሀሉን ሳይደግፉ የሚተዉት ብዙ ናቸው። በረዶው ይከመርበታል፣ ቀን ትንሽ ይቀልጥና ጎድጓዳው ላይ ውሃ ይቋጠራል፣ ማታ ይጋገራል። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። በላዩ ሌላ በረዶ ሲጨመርበት መጀመሪያ ስፌቱ ይለቃል፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቷ ክፈፍ ይጎብጣል።

ስለዚህ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ አንድ ረጅም እንጨት ወይም ወፍራም ፒቪሲ ቱቦ ዘርጋ። ከስሩ በቋሚ ደግፈው። ሸራው በግራም በቀኝም አዘቅዝቆ ይውረድ፣ በረዶው ራሱ እንዲንሸራተት። ቋሚው ወለል ላይ የሚያርፍበት ቦታ የእንጨት ቁራጭ አድርግለት። የመስታወቱን ጥግ፣ የገመድ ማሰሪያ ብረቶቹን፣ ሹል ነገር ሁሉ በአሮጌ ምንጣፍ ወይም በስፖንጅ ጠቅልል። ሸራ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።

ጨርቁን ካልክ፣ ፖሊስተር ሆኖ 600 ዴኒየር የሚለውን ውሰድ። ዴኒየር የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው፤ 300 የሚለው ለደጅ በረዶ ይሳሳል። አክሪሊክ ሸራ ፀሐይን በደንብ ይችላል፣ ይተነፍሳልም፣ ግን ውድ ነው። ለአንተ ጀልባ ግድ አይደለም። መተንፈሻ ያለው መሆኑን ግን አረጋግጥ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ስትለካ ሜትሩን በመስታወቱ ላይ እያጠማዘዝክ አትሂድ። ከአፍንጫ እስከ ኋላ ቀጥታ ለካ፣ ወርዱን ደግሞ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ። ሞተሩንም የሚሸፍን ከፈለግክ የእሱንም ርዝመት ጨምር።

ቤቢ ከብሉሚንግተን፦

እኔ ደግሞ በላስቲክ ነው የማስጠቅለው፣ እውነት ለመናገር ተመችቶኛል። በሙቀት ስለሚያጠብቁት ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ አይርገበገብም። መሰላል ላይ ወጥቶ መታገል የለም። ክፋቱ ለአንድ ዊንተር ብቻ ነው፣ በየዓመቱ ትከፍላለህ። ካስጠቀለልክ የአየር መውጫና የዚፕ በር እንዲያደርጉልህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ይዘሉታል። ራሴ ልሞክረው እንዳትል ብቻ። በጋዝ እሳት ነው የሚሠራው፣ ከስሩ ደግሞ ቤንዚን ያለበት ታንከር አለ።

አሳ ወዳድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየዓመቱ ከመክፈል ሸራውን ልግዛ መሰለኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነፋስ እንዳያነሳው ዙሪያውን ጄሪካን ውሃ ሞልቼ ባንጠለጥልበትስ?

ጋሽ መካኒክ፦

ተው። ነፋስ ሲመጣ ጄሪካኑ እየተወዛወዘ ጎኗን ሲደልቅልህ ያድራል። ማሰሪያውን በሆዷ ስር አሳልፈህ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አጥብቅ፣ ወይም ከትሬለሩ ብረት ጋር እሰረው። ትሬለር ላይ ሳይሆን በብረት ድጋፍ ላይ የምታቆም ሌላ ሰው ይህን ካነበብክ፣ ሽፋኑን ከድጋፎቹ ጋር በፍጹም እንዳታስር። ነፋሱ ሸራውን ሲስበው ድጋፉን ነቅሎት ይወጣል። ጀልባ ስትወድቅ ሰው ስር ሊኖር ይችላል።

ማሚቱ፦

ወንዶቹ ስለ ውጭዋ ጨርሳችኋል፣ ስለ ውስጧ ልናገር። መጀመሪያ እጠባት፣ በደንብ ትድረቅ፣ ከዚያ ነው ሽፋን። እርጥብ ጀልባ ከሸፈንክ ሻጋታውን አብረህ ሸፈንከው። ትራሶቹንና ላይፍ ጃኬቶቹን ቤት አስገባ፣ የዕቃ ሳጥኖቹን ክዳን ገርበብ አድርገህ ተዋቸው። የስሯን ቡሽ አውልቀህ አፍንጫዋን በትሬለሩ ጃክ ከፍ አድርግ፣ የገባ ውሃ ካለ ከኋላ ይፈሳል። ከሐይቅ ስትወጣ ቡሹ እንዲወልቅ የሚኒሶታ ሕግም ያስገድዳል፣ ያኔ ያወለቅከውን መልሰህ አትግጠመው፤ ቁልፉ ላይ እሰረው፣ በጸደይ እንዳትረሳው። ሌላው አይጥ ነው። ልጆች ይዘህ አሳ ስታጠምድ ከረምክ አይደል? በየወንበሩ ስር ቆሎና የብስኩት ፍርፋሪ አለልህ። በቫኪዩም ጥረገው። አይጥ አንዴ ከገባች ስፖንጁን ቦጭቃ ጎጆ ትሠራበታለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም አትምርም።

አሳ ወዳድ፦

ቆሎውን በምን አወቅሽ! እሺ፣ 600 ዴኒየሩን አዝዣለሁ፣ ቱቦውን ቅዳሜ እገዛለሁ። ከሸፈንኳት በኋላ እስከ ጸደይ አልነካትም አይደል?

የሐይቅ ልጅ፦

ትነካታለህ እንጂ። ትልቅ በረዶ በጣለ ቁጥር በለስላሳ መጥረጊያ አራግፍላት፣ በአካፋ አይደለም። ጋግሮ ከያዘ ግን አትታገለው፣ ሸራውን ትቀደዋለህ። ከነፋስ በኋላ ማሰሪያዎቹ ይላላሉና እየዞርክ አጥብቃቸው።