የድቡን ተረት ለልጄ በአማርኛ ልንገራት?

የኬሎናዋ እናት
ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ኬሎና ነው። ባለፈው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄ እራት ላይ ጉርሻዋን አንስታ ሳትጎርስ ቆየችና «እማዬ፣ ዶሮዋን አመስግነናታል?» አለችኝ። ለካ ክፍላቸው አንዲት የሲልኽ አዛውንት መጥተው ተረት ነግረዋቸው ኖሯል። ሲልኾች የዚህ የኦካናጋን ሸለቆ ነባር ሕዝብ ናቸው።

ልጄ እንደነገረችኝ፣ ሰው ገና ሳይመጣ አራት አለቆች ተሰበሰቡ። ጥቁር ድብ፣ ትልቁ ሳልመን ዓሣ፣ ከመሬት የሚቆፈር መራራ ሥርና ሳስካቱን ቤሪ የሚሉት የዱር ፍሬ። «የሚመጡት ሰዎች ምን ሊበሉ ነው?» ብለው መከሩ። ታላቅየው ድቡ «እኔ ራሴን እሰጣለሁ» አለና ነፍሱን ሰጠ። ሌሎቹ እንዲነሳ ዘፈኑለት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ዝንብ መጥታ ብትዘፍን ተነሳ። ዝንብ! ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ በሳቅ ሞተች።

ማታ ማታ «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ብዬ ብነግራት ነውር አለው? ቀድቼ ዩቲዩብ ላይ ብጭነውስ? ለሌሎች የሐበሻ ልጆችም ይሆናል ብዬ ነው።

ጌች ካልጋሪ
እህቴ፣ ድብ ሞቶ በዝንብ ዘፈን ተነሳ? ነገሩ እምነት እንዳይሆን። የኛ ጦጣና ጅብ መቼ አለቁና!

ፖም ለቃሚው
ወንድም ጌች፣ ጦጣዋን ማን ከለከለህ?

እኔ እዚያው ኦካናጋን ሸለቆ፣ ፔንቲክተን ከተማ አካባቢ ፖም እርሻ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብረውኝ ከሚለቅሙት አንዱ የሲልኽ ሽማግሌ ነበሩ። እነሱ እንዲህ ያለውን ተረት «ቻፕቲክውል» ነው የሚሉት። ተረት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ታሪክም ነው። ስብሰባ ላይ ሳይቀር አራቱ አለቆች ይነሳሉ። ድቡ የጥንቱን ይዞ ይናገራል፣ ቤሪዋ አዲስ ሐሳብ ታመጣለች፣ ሥሩ ዝምድናን ያስባል፣ ሳልመን «በሉ እንሥራው» ይላል።

እኔ የምወደው ግን ኮዮቴውን፣ ያን ቀበሮ መሳይ አውሬ፣ ሰንክሊፕን ነው። ለእንስሳቱ ስም በሚታደልበት ቀን ቀድሞ ደርሶ የትልቁን ድብ ስም ሊወስድ ተመኘ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ዓይኑን በስንጥር ደግፎ አደረ። ጣለው! ሲደርስ የቀረው የገዛ ስሙ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ይህን ተርከው ዝም አሉ። «ምን ለማለት ነው?» ስላቸው ፖም አቀበሉኝ። ልጅም ሲጠይቃቸው እንዲሁ ነበሩ።

አንድ ጸደይ ያንን ሥር፣ ስፒትለምን፣ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው የሚበቅለው። መጀመሪያ ምስጋና ቀረበ፣ ከዚያ ቁፋሮ። ልጣጩን ሲገፉት ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። ቀመስኩት፤ ግራዋ በለው!

ሳልመኑ ደግሞ በግድቦች መንገዱ ተዘግቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ፔንቲክተን ላይ የዓሣ ማራቢያ ከፈቱ። ስሙ በቋንቋቸው «እንዲመለስ ማድረግ» እንደማለት ነው። ተማሪዎች በየጸደዩ ጫጩቶቹን ወንዝ ይለቃሉ። ልጅሽም ይደርሳት ይሆናል፤ ለአለቃው ውለታ መመለስ በይው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ቤት ውስጥ ንገሪያት። ጊዜውም ነው፤ እነሱም የሚተርኩት በረዶው ሲወርድ፣ በክረምት ነው። ዩቲዩቡን ግን ተዪው። ድሮ የነባር ሕዝብ ልጆች ከቤተሰብ ተነጥለው የሚገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን በቋንቋቸው በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። ስለዚህ ማን ይተርከዋል የሚለው ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም። የግድ ካልሽ ፔንቲክተን ያለውን የሲልኾችን የባህልና የትምህርት ተቋም፣ የኢንአውኪን ማዕከልን ጠይቂ።

ጌች ካልጋሪ
እሺ፣ የኮዮቴውን ተረት ለልጄ ነገርኩት። «እንዳንተ አላርሙን አጥፍቶ ነው» አለኝ።

የኬሎናዋ እናት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዩቲዩቡ ቀርቷል። እናቴም በቀን ተረት አትነግረንም ነበር፣ «ሲመሽ» ነበር መልሷ። ስለዚህ የክረምቱ ነገር አልከበደኝም።

ትናንት ማታ ነገርኳት። የዝንቧን ዘፈን ስለማላውቀው እሹሩሩ አልኩላት። «እማዬ፣ በዚህማ ድቡ ጭራሽ ይተኛል» አለችኝ።