ዘና ያለ የቴአትር ትርኢት፦ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው እንደተነጋገርነው በማኅበራችን ስም ለቴአትር ቤቶች የምናስገባውን ደብዳቤ እዚሁ ተወያይተን እንጨርሰው። ለአዲሶቹ በአጭሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ድምፅና መብራት ሲበዛ የሚረበሹ ልጆችም አዋቂዎችም ሳይሳቀቁ ገብተው የሚያዩት ትርኢት እንዲጀመር ነው የምንጠይቀው። ቴአትሩ ያው ራሱ ነው፣ ድምፁ ረገብ ይላል፣ አዳራሹ ድቅድቅ አይልም፣ መነሳት መውጣት መመለስ ድምፅ ማሰማት ይቻላል፣ ማንም ዞሮ "እሽሽ" አይልም። ያላችሁን ጻፉ እኔ እሰበስባለሁ፣ ቮይስ ግን በናታችሁ አትላኩ፣ ባለፈው ታክሲ ውስጥ የተቀዳውን ማን እንደሰማው እንጃ።

መብራት ክፍል፦
እኔ በሙያዬ ልናገር። ብዙ ሰው ሙሉ ቴአትሩን እንደገና መስራት ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። ችግር የሚሆኑት ጥቂት ቦታዎች ናቸው፣ ጥይት የሚተኮስበት፣ ነጎድጓዱ፣ ድንገት መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ብላክአውት የሚሆንበት፣ ጭሱ፣ ስትሮብ (ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት) ካለ ስትሮቡ፣ እና ለቅሶ ቤት ካለ ሁሉም አንዴ እሪ የሚልበት። ስክሪፕቱ ላይ ምልክት ስላለን ለይቶ ማውጣቱ ከባድ ስራ አይደለም። ስትሮብን በተመለከተ እንግሊዝ አገር በሴኮንድ ከ4 ብልጭታ አይለፍ የሚል የደህንነት መመሪያ አላቸው፣ ለዚህ ትርኢት ግን ጭራሽ ይውጣ ባይ ነኝ፣ ያለ ስትሮብ የሚፈርስ ታሪክ አላየሁም። ጥይቱን ማጥፋት አያስፈልግም። የድምፅ ማስተካከያውን (ፌደሩን) ዝቅ፣ ከዛ ተዋናዩ ሽጉጡን አውጥቶ ትንሽ ይቆይ፣ ተመልካቹ መጣ ብሎ ይዘጋጅ። ከጩኸቱ ይልቅ ድንገት መሆኑ ነው የሚጎዳው። የአዳራሹ መብራት ደግሞ ሲሶው በርቶ ይቆያል፣ መድረኩን አይገድለውም፣ ሞክረነዋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። መብራት ሲጠፋስ? የፈረንጅ መመሪያ ላይ ይሄ የለም እኮ። ድንገት ጨለማ፣ ሰዉ በፉጨት ያጅበዋል፣ ቀጥሎ ጀነሬተሩ እያጓራ ይነሳል፣ ለኛ ሰዎች ከሶስቱ አንዱ ይበቃል። ስለዚህ መተላለፊያው ላይ በባትሪ የሚሰሩ መብራቶች ከመጀመሪያው በርተው ይቆዩ፣ ጀነሬተሩ በሚሰማበት በኩል ያሉ ወንበሮች ትኬት አይቆረጥባቸው፣ መድረክ አስተባባሪው ደግሞ ወጥቶ በተረጋጋ ድምፅ ምን እንደሆነ ይንገር።

የማሙሽ እናት፦
ወንድሜ ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው ግን እኛ እኮ መድረኩ ጋ ሳንደርስ ነው የሚያልቅልን። በር ላይ። ፍተሻ። ልጄ የማያውቀው ሰው ሲነካው እንደተቃጠለ ነው የሚሆነው፣ አንድ አዳራሽ በር ላይ ጥበቃው ምንም ሳይል ከኋላ መጥቶ ኪሱን ዳበሰው፣ ልጁ መሬት ላይ ተዘረጋ፣ ሰልፉ ቆመ፣ አንዷ ጸበል ውሰጂው ትላለች፣ አንዱ አስተዳደግ ነው ይላል፣ ትኬቱ እጄ ላይ እንዳለ ወደ ቤት። ውስጥ መብራቱ ሲሶ ይሁን ሩብ ይሁን እኔ አላየሁትም። ፍተሻ ይቅር አልልም፣ አይቀርምም። ግን በእጅ የሚያዘው መፈተሻ ማሽን አለ አይደል፣ በሱ ይሁን፣ ኪሱን ልጁ ራሱ ወይ እኔ ላውጣለት፣ ጥበቃው ከፊት ቆሞ "አሁን እፈትሻለሁ" ይበል። ይሄ ብር አያስወጣም፣ ጥበቃዎቹን ሰብስቦ መንገር ነው።

ሌላው ፎቶ ነው። ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ፎቶ ይላክልን፣ በሩ፣ የጥበቃው ዩኒፎርም፣ ትኬት መስኮቱ፣ ደረጃው፣ ወንበሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ተዋንያኑ ደግሞ አንዴ በራሳቸው ልብስ አንዴ በመድረኩ ልብስ። ልጄ ሰርግ ሲኖር እንኳ የአዳራሹን ፎቶ ቀድሞ ካላየ አይገባም፣ ካየ ግን ራሱ እየመራ ነው የሚያስገባኝ። መጨረሻው ምን እንደሆነም ይጻፍ፣ ማን እንደሚሞት ማወቅ ለኛ ቴአትሩን አያበላሽብንም።

ተዋናዩ፦
እኔ ከልቤ ደጋፊ ነኝ፣ ግን የመድረኩንም ስሙኝ። እኛ ከተመልካች ትንፋሽ ነው የምንበላው፣ ሳቁ የት እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ዝምታው የት እንደሚመጣ እናውቃለን። አንድ ሰው ተነስቶ ሲመላለስ፣ ሌላው ሲጮህ፣ ወጣቱ ተዋናይ ቃለ ተውኔቱ ሊጠፋው ይችላል። ክፋት አይደለም ልምድ ማጣት ነው። ስለዚህ ከትርኢቱ በፊት አንድ ልምምድ ላይ የተወሰኑ ቤተሰቦች መጥተው ይቀመጡልን፣ እኛም እንልመደው። እና ባዶ አዳራሽ አታስጫውቱን፣ ያ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ከዲሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዶ አዳራሽ ያልከው ዋናው ጥያቄ ላይ ነው የሚያመጣን ወንድሜ፣ ለኛ ብቻ የተዘጋ ይሁን ወይስ ለሁሉም ክፍት? ሁለቱም ተሞክሯል። እዚህ አሜሪካ ቲያትር ዲቨሎፕመንት ፈንድ የሚባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ዘ ላየን ኪንግን ሲያሳይ ያንን ትርኢት ሙሉ ትኬቱን ራሱ ገዝቶ በቅናሽ ለቤተሰቦች ሸጠ፣ ድምፁም መብራቱም ተስተካክሎ፣ ሎቢው ውስጥ ማረፊያ ተዘጋጅቶ። ቤተሰቡ ማን ያየኛል ሳይል ገባ። እንግሊዞቹ ጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትኬቱ ለማንም ይሸጣል፣ ትርኢቱ ዘና ያለ መሆኑ ብቻ ቀድሞ ይነገራል። ጄስ ቶም የምትባል ቱሬት ሲንድረም (ሳይፈልጉት ድምፅና እንቅስቃሴ የሚያመጣ ነገር) ያለባት የመድረክ ሰው አለች፣ አንድ ጊዜ ተመልካች ሆና ገብታ በምታሰማው ድምፅ ሰው ስላጉረመረመ የድምፅ ባለሙያው ክፍል ውስጥ ገብታ እንድታይ ተጠየቀች። ከዛ በኋላ ነው ራሷ መድረክ ላይ የወጣችው፣ ለንደን ያለው ባተርሲ አርትስ ሴንተርም ከሷ ድርጅት ጋር ሰርቶ በ2020 አንድ ትርኢት ሳይሆን ቤቱን ሙሉ ዘና ያለ አድርጌያለሁ አለ። እኔ ክፍት ይሁን ባይ ነኝ። ለብቻ ከተዘጋብን ያው እንደ በጎ አድራጎት በዓመት አንዴ ለመጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን ጠርተውን፣ ቴሌቪዥን ቀርጾን፣ ኬክ ተቆርሶ ያልቃል።

የማሙሽ እናት፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ኬኩንም በልተነዋል ሃሃ። ግን የሰው አይን አንቺ ካለሽበት አይታወቅም። መጀመሪያ በኛ ሰው እንልመድ። ክፍት በሚለው ከሄድንም ትኬት መስኮቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ ገዢው አንብቦ ይግዛ፣ በኋላ አልተነገረኝም የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ።

የኋላ ወንበር፦
ሁላችሁም ልጅ ልጅ ትላላችሁ። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ስራ አለኝ፣ ኦቲስቲክ ነኝ፣ የልጆች ቴአትር ማየት አልፈልግም። ትራጀዲ ነው የምወደው፣ የቤተ መንግስት ሴራ፣ ሽኩቻ። አሁንም እየሄድኩ አያለሁ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ረድፍ በሩ ጋ፣ ጆሮዬ ላይ ሶፍት ጠቅጥቄ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ በመደበኛነት እየታየ ካለው ቴአትር አንዱ ይመረጥ ተብሎ ይጻፍ፣ ለኛ ተብሎ የተቀለለ ነገር አይሰራልን። ክፍት ወይስ ዝግ ለሚለው፣ እኔ በዝግ አልመጣም። ማን እንደሆንኩ በር ላይ ማስረዳት የለብኝም። የህክምና ወረቀት የሚጠይቅ ትኬት ቆራጭ ካለ ነገሩ ሞቷል።

ተዋናዩ፦
ይሄን ስሰማ ትራጀዲውን እኔ ራሴ ልጫወትልህ ጓጓሁ።

ሂሳብ ያዥ፦
ወደ ብሩ። የአጃቢ ትኬት ነጻ ይሁን እንበል፣ ካልሆነ በግማሽ፣ ብቻውን መምጣት ለማይችል ሰው ሁለት ትኬት ማስከፈል ቅጣት ነው። አዳራሹ እንዳይሞላ ከረድፍ ረድፍ ክፍት ቦታ ስለሚያስፈልግ ቴአትር ቤቱ ገቢ ይቀንሳል፣ ይሄን ደብቀን መሄድ የለብንም፣ ስፖንሰር የምንፈልገው ለዛች ክፍተት ብቻ ነው። የጆሮ መሸፈኛ ከውጭ እናስመጣ ያላችሁ ተዉት፣ የግንባታ ሰራተኞች የሚያደርጉት አለ፣ የደህንነት ዕቃ የሚሸጡት ጋ ይገኛል፣ ገዝተን መታወቂያ እየያዝን እናውሳለን። የተረበሸ ሰው ወጥቶ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍልም ያስፈልጋል፣ ለሱ ፍራሽና ትራስ ከየቤታችን። ፈንድሻም በዛ ቀን ሎቢ ውስጥ አይፈንዳ፣ ሽታውም ድምፁም።

የማሙሽ እናት፦
ፈንድሻው ይቅር ካልክ ልጄ አንተን ነው የሚከስህ።

ሂሳብ ያዥ፦
እሺ ቤት ፈንድቶ በላስቲክ ይምጣ።

ጋሽ ጠበቃ፦
ልጆች፣ ልመና አታስመስሉት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 30 ቴአትሩንም ሲኒማውንም በስም ጠርቶ ነው የሚናገረው። ይሄ በመግቢያው አንድ አረፍተ ነገር ሆኖ ይግባ፣ ከዛ በላይ ህግ አትደርድሩ፣ የሚያነበው ስራ አስኪያጅ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ከመንግስት ቴአትር ቤቶች አነስ ያለ አዳራሽ ካለው ጀምሩ፣ ብሔራዊን በሁለተኛው ዙር። ክፍት ዝግ ለምትሉት፣ ትኬቱ መጀመሪያ ለማኅበሩ አባላት ይቅረብ፣ የተረፈው በመስኮቱ ለሁሉም ይሸጥ፣ ማንንም ወረቀት ሳይጠይቁ። ሁለታችሁም ትስማማላችሁ መሰለኝ።

የኋላ ወንበር፦
ወረቀት ከሌለ እስማማለሁ ጋሼ።

ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልን። እስካሁን የያዝኩት ይሄ ነው። ከሚታየው ቴአትር አንዱ ተመርጦ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ በየሁለት ወሩ፣ ለአንድ ዓመት ሙከራ። ስትሮብ የለም፣ የጥይትና የነጎድጓድ ድምፅ ዝቅ፣ ሲሶ መብራት፣ የባትሪ መብራት መተላለፊያው ላይ። ጸጥ ያለ ክፍል ከነምልክቱ፣ በሩ ሳይቆለፍ። አንድ ልምምድ ከቤተሰቦች ጋር። ፎቶዎቹና የታሪኩ አጭር ማጠቃለያ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም። የአጃቢ ትኬት ነጻ። ማስታወቂያው ትኬት መስኮቱ ላይ። ጥበቃዎችና ትኬት ቆራጮች የግማሽ ቀን ገለጻ፣ ገለጻውን ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ከአባላት አንድ ሰው ይሰጣል። የማሙሽ እናት አንቺን ነው የጻፍኩት፣ ሳልጠይቅሽ።

የማሙሽ እናት፦
እሺ እሰጣለሁ። ግን ጥበቃውን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። ቁጥር አንድ ይሁን፣ መብራቱ ቀጥሎ ይምጣ፣ ስራ አስኪያጁ አንድ ነገር ብቻ አንብቦ ደብዳቤውን ቢያስቀምጥ ያነበበው እሱ ይሁን።

መብራት ክፍል፦
ከኔ በፊት ይሁን፣ ቅር አይለኝም።

ጸሐፊ፦
ቀየርኩት። እስከ ሐሙስ ማታ ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ዓርብ ጠዋት ማህተም ተደርጎበት ይገባል። ፍራሽ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ።